ለጋሼ ማኖሊ የወሰድኩት የደሴቶቹ ሳንቲም

ባለፈው እሑድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ የሄድኩት አንድ ሳንቲም ለማድረስ ነው። ሳንቲሙን ለቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን የሰጠን የአንድ ተማሪ አባት ነው፤ ግሪክ ለሽርሽር ሄዶ ከቡና ሂሳብ መልስ ሲቀበል እጁ የገባ ባለ ሁለት ዩሮ ነው። ዳሩ ብርማ፣ መሃሉ ወርቅማ ሆኖ ጽጌረዳ ተቀርጾበታል። የወጣውም ዶዴካኒዝ የሚባሉት ደሴቶች ከግሪክ ጋር የተዋሃዱበትን ሰባኛ ዓመት ለማሰብ ነው። ደሴቶቹ ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት በጣሊያን እጅ ነበሩ። ይህን ሁሉ ካርታ ስዬ ለተማሪዎቼ ካስረዳሁ በኋላ ሳንቲሙን ከሌሎች አገሮች ሳንቲሞች ጋር ሰሌዳው ላይ በተርታ ለጠፍኩት።

ቤዝመንታቸውን ያከራዩኝ እትዬ ዘነበች ይህንን ስነግራቸው ደሴ አብረዋቸው ያደጉ ጋሼ ማኖሊ የሚባሉ ሰው ትዝ አሏቸው። አባታቸው ከእነዚያ ደሴቶች ከአንዱ መጥተው ደሴ ላይ ወፍጮ ቤት የከፈቱ ግሪክ ነበሩ። ጋሼ ማኖሊ ራሳቸው አሁን አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። ተማሪዎቼን ሳማክራቸው ሳንቲሙ ለእሳቸው ይሰጥ ብለው ሁሉም እጅ አወጡ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል

ሽማግሌ ቤት ባዶ እጅ አይኬድምና ባቡር ጣቢያው አጠገብ በሰባት ዶላር ብርቱካን ገዛሁ። በቀዩ መስመር መሃል ከተማ ደርሼ ወደ ቢጫው ስቀይር፣ በእሑድ ልማዱ ሩብ ሰዓት ያህል አስጠበቀኝ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ የፖቶማክን ድልድይ ሲይዝ ወንዙ ጭቃ መስሎ ነበር፤ ሌሊቱን ዘንቧል። ቦርሳዬን ከፍቼ ሳንቲሙ ያለበትን ትንሽ ፖስታ ዳሰስኩ።

ኪንግ ስትሪት ወርጄ አውቶቡስ ስሳፈር ካርዴን የት እንደማስነካ ግራ ገባኝ። ሾፌሩ ፊቴን አይቶ በአማርኛ፣ «ነጻ ነው እህቴ፣ ተቀመጪ። እዚህ አገር ነጻ ነገር ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው» አለኝ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት

ጋሼ ማኖሊ ዱክ ስትሪት ላይ ካለው አፓርታማቸው በር ወጥተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰውና ከራባት አስረው ቆመው ጠበቁኝ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ዓይናቸው ደብዘዝ ያለ ነው፤ አማርኛቸው የጥንት ወሎዬ ነው። ብርቱካኑን ሲያዩ ለምን ደከምሽ ብለው ተቆጡኝ።

ሳንቲሙን መዳፋቸው ላይ አኑሬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ጽጌረዳው የቱ ደሴት ምልክት እንደሆነ፣ ጽሑፉ ምን እንደሚል። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ አባታቸው ከደሴቱ የወጡት በጣሊያን ጊዜ እንደሆነ አጫወቱኝ። ወረቀታቸው ጣሊያን ስለሚላቸው ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ይሸሻቸው ነበር። ሰውዬው ግን ጣሊያንን ጎረቤቶቻቸው ከሚጠሉት በላይ ይጠሉ ነበር። ደሴቶቹ ከግሪክ ጋር መዋሃዳቸውን በሰሙ ቀን ወፍጮውን አቁመው ደጃፍ ተቀመጡ።

«ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«‹ከደሴ ሳልነቃነቅ አገሬ ገባሁ› አለ። ዳግም ሳያያት ሞተ።»

ሳንቲሙን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት።

«ይውሰዱት ጋሼ፣ ለእርስዎ ነው ያመጣሁት።»

«የልጆቹን? ኧረ አይሆንም።»

«ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ይሰጣቸው ያሉት።»

«አይ፣ ይማሩበት። እኔ ምን አደርግበታለሁ?»

ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ጣታቸው ግን ከላዩ ቶሎ አልተነሣም። ይህን አይቻለሁ። በአዘቦት ቀን በማስተምርበት የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት «አይ» ያለ ሰው «አይ» ብሏል፣ አይጨቀጨቅም እያልን እናስተምራለን። እንደዚያ ማሰቤ አክብሮት መሰለኝ። የሰሌዳዬ ተርታ ሳይጎድል መቅረቱም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም። ሳንቲሙን ፖስታው ውስጥ መለስኩት።

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኙኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቤት

እትዬ ዘነበች ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«ወሰደልሽ?»

«አይ አሉኝ።»

«ስንቴ ሰጠሽው?»

«ሁለቴ።»

ቢላዋውን አስቀመጡት። «ሁለቴማ ለቁርስም እምቢ ይባላል። ሦስተኛውን ኪሱ ውስጥ ነው የምትከቺለት። ሳምንቱን ሙሉ ኮል ሲያደርግልኝ ነበር እኮ፤ መቼ ነው የምትመጣው እያለ። ከአባቱ ፎቶ ጋር ላስቀምጠው ነው ብሎኛል።»

ወዲያው ደወልኩላቸው። በሚቀጥለው እሑድ ይዤው እመጣለሁ አልኳቸው።

«ዘነበች ነገረችሽ አይደል?»

መዋሸት አልቻልኩም።

«አይ ልጄ፣ ተይው። ለምኜ የወሰድኩት ይመስላል። ብትልኪውም መልሼ እልከዋለሁ።» ድምፃቸው ትሑት ነበር፤ ግን ይህኛው «አይ» እንደ ጠዋቱ አልነበረም። አመስግነውኝ ስልኩን ዘጉ።

እኔ ስለ ደሴቶቹ ስንት ነገር አንብቤ ሄጄ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን ሰው ማንበብ አቃተኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፤ የተማርኩት ግን ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በስልክ ደግሞ ሰው ኪስ ውስጥ ምንም መክተት አይቻልም።