ያልጻፍኩት ስም

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትዬ አልማዝ ቤት ፓስታ እየበላን ነበር። ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ነው፤ ልብ ብሎ የሚያየው ግን የለም። ድንገት የማውቀው ድምፅ ሰማሁና ሹካዬን አስቀመጥኩ። ዲራሙ ናት። ቡሌ ሆራ ባቋቋመችው የሴቶች የእደ ጥበብ ማኅበር ውስጥ ቆማ፣ የተጠለፈ የወተት ዕቃ እያገላበጠች ለጋዜጠኛው ታስረዳለች። ጋዜጠኛው አፉን ከፍቶ ይሰማታል። ደግሞ አምሮባታል።

«ይቺን ሴትዮ ታውቂያት የለም እንዴ? አብራችሁ ሠርታችኋል መሰለኝ» አሉኝ እትዬ አልማዝ።

«ትንሽ ጊዜ» አልኩ።

ትንሽ ጊዜ! ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠን፣ ከአንድ ሳህን በልተን። ግን አፌ ያንን አለ። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነኝ፤ ልጆች ድሬአለሁ፣ ባል ቀብሬአለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የተነሣው ነገር ግን ያኔ በሃያ ዓመቴ የማውቀው ያው ነው። ሳህኑን ገፋ አደረግኩት።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው ነገሩ። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ነጌሌ የቀረ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበር። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ ቤት ቁጭ ብያለሁ። በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣ አንድ ትንሽ ድርጅት የከተማውን አሮጌ የእህል መጋዘን አስጠግኖ የቦረናን የእጅ ሥራና ታሪክ የሚያሳይ ቤት ሊያደርገው ተነሣ። ኃላፊው ጋሽ ግርማ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። የእጅ ጽሑፌን ያውቁታልና አስጠሩኝ። የሚሰበሰበውን ዕቃ መዝግቤ፣ ከእያንዳንዱ ፊት የሚቆመውን ካርድ ልጽፍ ተቀጠርኩ።

መጋዘኑ የበቆሎና የነቀዝ መድኃኒት ሽታው አልለቀቀውም ነበር። ቀትር ላይ ቆርቆሮው እየተንጣጣ ያቃጥለናል። እኔ ግን ደስታዬን አልችለውም። ጋሽ ግርማ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ካርዶቼን እያሳዩ፣ «ማተሚያ ቤት የወጣ አይመስልም?» ይላሉ። ለአንድ ወር ያህል የዚያ ቤት ንግሥት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ዲራሙ መጣች። አባቷ እኛው ከተማ ክሊኒክ የሚሠሩ ድሬሰር፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው። እሷ ግን ተልተሌ አያቷ ዘንድ ከከብት ጋር አድጋ፣ ከተማ የገባችው በቅርቡ ነው። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። ፊደል አታውቅም። በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ጀርባ ግራሩ ሥር አስቀምጬ አስተምራት ጀመር። በደስታ ነበር ያስተማርኳት። አሁን ሳስበው ግን እወዳት የነበረው ከእኔ በታች እስካለች ድረስ ነው።

ዕቃ መሰብሰብ ሲጀመር ነገሩ ተገለበጠ። ሽማግሌዎች እኔን ሲያዩ ዝም ይላሉ። እሷ «አካም፣ ናጋ?» ብላ ስትቀመጥ የግመሉ የእንጨት ደወል ይወጣል፣ በርጩማው ይወጣል፣ ታሪኩ ይወጣል። ኦሮምኛውንማ እኔም ነጌሌ መንገድ ላይ ስጫወት ነው የተማርኩት፤ ከእሷ የማንስ አይመስለኝም ነበር። ግን እኔ ስጠይቅ መልስ ይሰጡኛል፤ እሷ ስትጠይቅ ያወሯታል። ጋሽ ግርማ ሳይቀሩ «ዲራሙ ትምጣ፣ ዲራሙ ትየው» ማለት አበዙ፤ የየዕቃውን ሠሪና ታሪክ ጠይቆ መያዙንም ለእሷ ሰጡ። በእያንዳንዱ «ዲራሙ» ካርዴ ላይ ጎንበስ እል ነበር።

በሚያዝያ፣ ዝናቡ ጀመር ባደረገበት ሳምንት፣ ወደ ሜጋ ሄድን። መንገዱ አድካሚ ነው። ቀዩ አፈር ረጥቦ ላንድክሩዘሩን ይዞ አልለቅ ይላል፤ እየወረድን እንገፋለን። በየሜዳው ከሰው የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ ቆሟል፤ ደርቆ የከረመው ቁጥቋጦ በአንድ ቀን ዝናብ አረንጓዴ ለብሷል። ሜጋ ከተማ የፍየል ሥጋ በሩዝ በላን፣ ወተት የበዛበት ሻይ ጠጣን። ዲራሙ እየሳቀች ጭቃዬን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ። እሱም አናደደኝ።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር የሚኖሩ አኮ ጡሜ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። አኮ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ነው። ጎርፋ አወጡልን። ጎርፋ ከዱር ተክል ሥር የሚጠለፍ የወተት ዕቃ ነው፤ ጥልፉ ከመጥበቁ የተነሣ ጠብታ አያሳልፍም፤ አንዱን ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። የአኮ ጡሜ እናት ለልጃቸው ሰርግ የጠለፉት ነው። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዲራሙ ተቀብላ ጣቷን በጥልፉ ላይ ስታስኬድ እንባዋ መጣ። አኮ ጡሜ ጉንጯን ይዘው «ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የማን ነሽ?»

«የነጌሌ ልጅ ነኝ» አልኩ።

«እሱማ አገርሽ ነው። የማን ነሽ?»

 ያባቴን ስም ብነግራቸው አያውቁት፤ የአያቴን አገር ብነግራቸው እኔም አላውቀው።  የዘረጉልኝን ወተት አመስግኜ ሳልጠጣ አስቀመጥኩት።

«ዕቃውን ውሰዱ» አሉ አኮ ጡሜ። «ግን የእናቴ ስም አብሮት ይቁም። ሎኮ ትባላለች።»

ዲራሙ ወደ እኔ ዞራ «ወርቄ፣ ጻፊ» አለችኝ። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አንቀሳቀስኩት። የጻፍኩት ነገር አልነበረም። ዝም ብዬ መስመር አሰመርኩ።

ነጌሌ ስንመለስ ጋሽ ግርማ አንድ ወሬ ነገሩን። ቤቱ ከተመረቀ በኋላ አዋሳ ኤግዚቢሽን አለ፤ ከሁለታችን አንዳችን ዕቃዎቹን ይዘን እንሄዳለን። «ዲራሙ ብትሄድ ይሻላል፤ ሥራውን ከነነፍሱ ታውቀዋለች» አሉ። እኔን እያዩ አይደለም የተናገሩት። እንደ ተራ ነገር ነው። እኔ ደግሞ አዋሳን በፎቶ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ከምርቃቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የመጨረሻዎቹን ካርዶች ስጽፍ መጋዘኑ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ዝንብ ቀለሙ ላይ እያረፈ ያስቸግረኛል። የጎርፋው ተራ ደረሰ። ስሙን አልረሳሁትም። ልረሳው ብሞክርም አልችልም ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጎርፋ። የወተት ዕቃ። ሜጋ አካባቢ የተገኘ። የሠሪዋ ስም አልታወቀም።» ሎኮ ሁለት ፊደል ናት። እሷን ለመደበቅ «አልታወቀም» ብዬ ስድስት ፊደል ጻፍኩ፤ ያውም በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ባማረ ጽሑፍ።

ምን አስቤ ነበር? እውነቱን ለመናገር ብዙም አላሰብኩም። ጋሽ ግርማ ካርዱን አይተው «ዲራሙ ስም ሳትይዝ መጣች እንዴ?» እንዲሉ ፈልጌአለሁ። ያችን ታህል ብቻ ከፍታዋ ዝቅ እንዲል። አኮ ጡሜ ይመጣሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

እሳቸው ግን በምርቃቱ ቀን በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው መጡ። የእናታቸው ስም ቆሞ ሊያዩ ነው። አንድ አስተማሪ በየመደርደሪያው እየቆመ ካርዱን ያነባል፣ ለሽማግሌዎቹም በኦሮምኛ ይተረጉማል። ጎርፋው ጋ ሲደርስ እንደ ሌላው አነበበና ተረጎመ። 

«ያልታወቀው በማን ነው?» አሉ አኮ ጡሜ። «እኔ ተናግሬአለሁ።»

ጋሽ ግርማ ደንግጠው ወደ ዲራሙ ዞሩ። «ስሙን አልያዝሽም እንዴ?»

ዲራሙ አየችኝ። እኔ ቆርቆሮውን አየሁ። ልናገር የምችልበት ጊዜ ነበር፤ አጭርም አልነበረም። እሷም ምንም አላለችም። አኮ ጡሜ ጎርፋውን ከመደርደሪያው አንሥተው በነጠላቸው ጠቀለሉና ወጡ። ዲራሙ በር ድረስ ተከትላቸው «አኮ!» ብትል አልዞሩላትም። በቤታቸው «ልጄ» ያሏትን ልጅ፣ ባደባባይ ትተዋት ሄዱ።

አዋሳ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሐይቁን አየሁ፣ ዓሣ በላሁ። ሰዎች እየመጡ «ይሄ እንዴት ይጠለፋል? ይሄ ቀለም ከምን ይወጣል?» ይሉኛል። ካርዱን አነብላቸዋለሁ። ካርዱ ላይ ከጻፍኩት ያለፈ ምንም አላውቅም። አንዲት ሴት «ቆይ፣ አንቺ የሠራሽው የትኛውን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «እኔ ጽሑፉን ነው» ስላት አንገቷን ነቅንቃ አለፈች። የተመኘሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ያን ያህል ትንሽ ሆኜ አላውቅም።

እንደተመለስኩ ቀጥታ ዲራሙ ቤት ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ልብስ ታጥባለች።

«ስሙን አውቀው ነበር» አልኳት። «ሆን ብዬ ነው።»

ቀና አላለችም። «ፊደል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ካርዱን በምርቃቱ ቀን ጠዋት አነበብኩት። አንብቤ ላርመው ስል ሰው ገባ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«አንቺ እንድትናገሪ ጠበቅኩ» አለች። የታጠበውን ልብስ ጨምቃ ገመዱ ላይ ዘረጋች። «ቆሜ ጠበቅኩ። አንቺ አዋሳ ሄድሽ።»

ለቅሶዬ መጣ። እሷ ግን አላባበለችኝም። «ለእኔ አታልቅሺ። ሜጋ እንሂድና ለአኮ ንገሪያቸው» አለች።

ለጋሽ ግርማ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አስፈቅደንም በሳምንቱ በጭነት መኪና ሄድን።  መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ታመምኩ ብዬ ልመለስ አስቤአለሁ። አኮ ጡሜ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው ተንበርክኬ በኦሮምኛ፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እሷን አይቀየሟት» አልኳቸው።

«ምን አድርጋሽ ነው?»

ቃሉን በቋንቋቸው አውቀው ነበር፤ ሂናፋ ይሉታል ቅናትን። «ቀናሁ» አልኩ። «እሷን ልጄ አሏት። እኔን የማን ነሽ አሉኝ።»

 አሮጊቷ ሳቅ አሉ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም። «እኛ ዘንድ የማን ነሽ ማለት ስድብ መሰለሽ? ቁጭ በይ፣ እንተዋወቅ ማለት ነው። የማን እንደሆንሽ ስትነግሪኝ እኔም የማን እንደሆንኩ እነግርሽ ነበር። ወተቱን እንኳ ሳትቀምሺ ተነሣሽ።»

ዲራሙን ጠርተው ጎናቸው አስቀመጧት፤ እጇንም ይዘው ቆዩ። እኔን ደብተር አውጪ አሉኝ። የእናታቸውን ስም፣ የእናታቸውን እናት ስም፣ ከዚያም ከዚያ በላይ ያሉትን የጠላፊዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። በየስሙ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አደረጉ። ጎርፋውን ግን አልመለሱም። «የልጅ ልጄ ታገባለች፤ ወተት ይዞ ይሂድ» አሉ። ያ መደርደሪያ እስከመጨረሻው ባዶውን ቀረ። ጋሽ ግርማ ሌላ ዕቃ እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም፤ ለምን እንደሆነም ከእኔ በቀር ለማንም አልነገሩም።

ታሪኩ እዚህ ላይ በእርቅና በመተቃቀፍ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ዲራሙ ለዓመት ያህል ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገረችኝም። ከዚያ የድርጅቱ ገንዘብ አለቀ፣ ቤቱ ተዘጋ፣ እሷም አግብታ ወደ ቡሌ ሆራ ሄደች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ቅቤ ይዤ ሄድኩ። በር ላይ ትንሽ አየችኝና «ግቢ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዓመት በዓል እንደዋወላለን።

እሑድ ከእትዬ አልማዝ ቤት ስወጣ አንድ ነገር ገባኝ። እስከዛሬ ቅናት እንደ ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ወጥቶ የሚለቅ ይመስለኝ ነበር። አይለቅም። እንደ ወገብ ሕመም ነው፤ ብርድ ባየ ቁጥር ይነሣል። ሰው ሊማር የሚችለው በተነሣበት ሰዓት እጁን ምን ላይ እንደሚያሳርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሜ፣ ልቤ ሌላ ነገር ሳያዘኝ፣ ደወልኩላት።

«አየሽኝ?» አለች ገና «ሄሎ» ሳልል። «እንዴት ነበርኩ?»

«በጣም ጥሩ ነበርሽ» ልላት ነበር የደወልኩት። አፌን ስከፍት የወጣው ግን፣ «ወፍረሻል» የሚል ነው።

 ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ዋቆ፣ አምላኬ! ወርቄ፣ አሁንም አልዳንሽም!»

«አልዳንኩም» አልኳት፤ እኔም ሳቅኩ። «ግን ጥሩ ነበርሽ። በጣም ጥሩ ነበርሽ፣ ዲራሙ።»