የመርማሪው የጎማ ችግኞች

የያዙኝ ሳሪስ፣ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ቃሊቲ አምጥተው የከተቱኝ ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው አሁንም ግሪስ ግሪስ ይሸታል። ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ፍራሽ ብጠይቅ መርማሪው ሳቀ።

"ጠንካራ ከሆንክ ሲሚንቶ ምን ያደርግሃል?"

ረጋ ያለ ሰው ነበር። ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን ትቶ አባቴን ያነሳብኛል። አባቴም በዘመኑ በተናገረው ታስሮ ነበር። "የእባብ ልጅ እባብ ነው" ይለኛል ፋይሉን እያገላበጠ። በጥፊ መመታቴን ረስቼዋለሁ። አፈር የለበሰ አባቴን እባብ ሲልብኝ ግን ቂም ቋጠርኩ፤ እስከ ዛሬም አልፈታሁትም።

አንድ ጠዋት ሻይ አዝዞ ጠበቀኝ።

"ሥራህ የጎማ ዛፍ ላይ ነው አይደል?"

"ነው።"

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ለጡረታው ብሎ አገሩ መሬት ይዟል፤ ጭጋግ የማይለየው ደጋ ላይ። ቆላ ካለ እርሻ፣ ጎማ የሚሠራበት ወተቷ እንደ ጉድ ከሚፈስ አንዲት ዛፍ ሥር ፍሬ አስለቅሞ ችግኝ አፍልቷል።

"ቤቴን ሸጬ መሬቱን በነዚህ ልሞላው ነው። እንደ እናታቸው ይሰጣሉ?"

ችግኞቹ ያምራሉ። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ። ከፍሬ የበቀለ የጎማ ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ የወተታሟ ልጆች አብዛኞቹ ጠብ የማይላቸው ይሆናሉ። ለዚህ ነው ከምርጧ ዛፍ እንቡጥ ቆርጠን ሌላ ችግኝ ላይ አጣብቀን የምንከትበው። የተከተበውም ቢሆን ሙቀትና ዝናብ ካላገኘ፣ ደጋ ላይ ቀጭጮ ይቀራል። ስህተቱ ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። ቅርፊቱ ወተት ለሚቀዳበት ቢላ እስኪደርስ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል።

ፎቶውን ትክ ብዬ ሳይ "ፍራሽ አስገባልሃለሁ" አለ።

"ፍራሹ ይቅርብኝ። መልሱን እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። የእባብ ልጅ እባብ ነው።"

ፊቱ በራ። "ብርዱስ አይጎዳቸውም?"

"ጠንካራ ከሆኑ ብርድ ምን ያደርጋቸዋል?"

ሻዩን ሳልነካ ተነሳሁ። ያን ሌሊት ሲሚንቶው ላይ ተዘርሬ፣ ከታሰርኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ክረምት ሲገባ ጎኔን ይወጋኛል። ባለቤቴ "ለእግዜር ስጠው" ትለኛለች። አልሰጥም። እግዜር ይቅር ባይ ነው።

ዘንድሮ ዛፎቹ ለቢላ የሚደርሱበት ዓመት ነው። ጎህ ሲቀድ ቅርፊቱን ሰንጥቆ፣ ጣሳ አስሮ፣ ሥሩ ቁጢጥ ይላል። ጠብታ ሲጠብቅ ይዋል። ያን ጊዜ የማን ልጅ እንደሆንኩ ትዝ ይበለው።