ከአንሶላው ማዶ የምትቆመው እትዬ ይታይሽ

ኧረ እንዴት ይሆናል? ትናንት እኮ አብረን ነበርን! እየሳቀች አውቶቡስ ላይ ወጣች። ዛሬ ማለዳ ልጇ ደውሎ «እማዬ ሌሊት አረፈች» አለኝ። አሁንም እውነት አልመስል ብሎኛል።

ለማታውቋት፣ እትዬ ይታይሽ እዚህ ናታንያ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ናት። ነበረች ልበል እንዴ? ትልቅ አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ስንት ዓመት ፊት ለፊት ቆመናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱና የማሽኑ ጩኸት አንገሽግሾኝ ልተወው ነበር። «አይዞሽ፣ ክንድሽ ይለምደዋል፤ እስከዚያ እኔ አለሁ» አለችኝ። «እኔ አለሁ» ለሁሉም ነገር መልሷ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሥራ መሄድ አልከበደኝም። እንዲያውም ትንሽ ጭምድድ ያለ ነገር ካየሁ ማንም ሳያዘኝ መልሼ የምዘረጋ ሰው ሆንኩ። ልጆቼ «ያ ሥራ ምኑ ይወደዳል?» ይሉኛል። እሷ ስላለች ነበራ!

እናቴ ጎንደር ያረፈች ቀን ወንድሜ የደወለው ለእሷ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ዘመድ ቤቴ እስኪሰበሰብ እንድትይዘኝ ለመናት። «ፔሌፎንሽን አምጪማ፣ የኔ ባትሪው አልቋል» ብላ ስልኬን ወሰደች። አለቃችን ወደ ሌላ ማሽን ልትልከኝ ስትል፣ «ሀዮም ከኔ ጋር ናት፣ ቤሴዴር?» አለቻት፤ ዛሬን ከኔ ጋር ናት፣ እሺ? ማለቷ ነው። ያቺ ዝምተኛ ሴት ያን ቀን ስታወራኝ ዋለች። ማታ የራሷን ፌርማታ አልፋ ኪርያት ኖርዳው ቤቴ ድረስ መጣች። በሬ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳይ ገባኝ። ከወደቅሁበት ያነሳችኝም እሷ ናት።

ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ታየች የምትባለው ታናሽ እህቷ ከእኛው ጋር ነው የምትሠራው፤ ምንም ሳታውቅ ሥራ ገብታለች። የእትዬ ልጅ አደራ ስላለኝ ስልኳን በሰበብ ወሰድኩና በእትዬ ቦታ ፊት ለፊቴ አቆምኳት።

«እህቴ ምነው ዛሬ ቀረች?» አለችኝ።

«ትንሽ አሟት ይሆናል» አልኳት። የአንሶላውን ጫፍ አቀበልኳት።

ይህን የምጽፈውም ታየች ቤቷ ገብታ ከሰማች በኋላ ነው።

እትዬ፣ ያን ቀን እንዴት ቻልሽው? ያን ሁሉ ሰዓት ዓይን ዓይኔን እያየሽ እንባሽን እንዴት ያዝሽ? እኔ ፊቴን ልታጠብ ነው እያልኩ ስወጣ ስገባ ዋልኩ።

እህትሽን ክፋር ዮና ቤቷ ድረስ ይዣት ሄጃለሁ። ብቻዋን አልሰማችም፤ ወገን መሀል ናት፣ ስለሷ አታስቢ።

በይ እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ የኔ እመቤት። ከጠዋት ጀምሮ ይዤው ነበር፤ አሁን ላልቅስልሽ።