መስመሩን የነካው ኳስ

ከቤይሩት ወጣ ብሎ ፋናር ዳገት ላይ ባለ የቴኒስ ክለብ የምትሠራውን ሐበሻ ስሟን የጠየቃት የለም። አገሯ ሳለች አራት ዓመት ተከታትላ የሴቶች ቴኒስ ሻምፒዮን ነበረች፤ ጉልበቷ ሲጎዳ ክለቧ አሰናበታትና ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት መጣች። ካሠሪዋ ጠፍታ ስለወጣች መኖሪያ ፈቃድ የላትም። ዛሬም ጉልበቷን በሻሽ ታስራለች፤ ሜዳውን ስታቋርጥ መስመር አትረግጥም።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ አንድ ቀን፣ የክለቡ ባለቤት ሚስት ከእንግዳዋ ጋር ስትጫወት እንግዳዋ የመታችው ኳስ ከመስመር ወጣ አልወጣ በሚል ተጨቃጨቁ።

«አንቺ፣ አይተሻል። ወጥቷል አይደል?» አለቻት ማዳም፣ የባለቤቱ ሚስት፣ ወደ ሠራተኛዋ ዞራ።

ኳሱ ነጩን መስመር ሲነካ በዓይኗ በብረቱ አይታለች። በተጫወተችበት ዘመን ሁሉ በኳስ ዋሽታ አታውቅም።

«ኤ ማዳም፣ አዎ፣ ወጥቷል» አለች።

እንግዳዋ ተናደደች። «ያኒ፣ እንዲያው ሠራተኛ ስለ ቴኒስ ምን ታውቃለች?»

ሐበሻዋ ጎንበስ ብላ፣ ኳሱ መስመሩን ነክቶ ቀዩ አፈር ላይ የተወውን ምልክት በመዳፏ አጠፋችው።