እንከን ተናጋሪው እንድሪስ

እንድሪስ የሰንበቴ ከተማ የከብት ገበያ ደላላ ነው። ደላላ ስላልኩ ፊታችሁን አታጨማዱ፤ በከብት ጉዳይ ሲዋሽ ያየው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ከጀሚል ጋር ነበር። ጀሚል ዋጋ ይቆርጣል፤ ቆርጦም ዝም ይላል። ያን ጊዜ እንድሪስ ጉሮሮውን ጠርጎ የከብቱን እንከን ለገዢው ይናገራል። ቁልቁለት ላይ ግራ እግሩን ይጎትታል፣ ሰው ይወጋል፣ ብቻ ያለውን ሁሉ። ገዢና ሻጭ እጅ ለእጅ የሚማቱት ከዚያ በኋላ ነው። ከአፋር የመጣው ነጋዴም ሆነ ከደጋ የወረደው ገበሬ የበሬ አፍ ሳይከፍት የሚገዛው ከሁለቱ ብቻ ነበር።

የለያያቸው ያው ፖለቲካ ነው። መጀመሪያ ጀሚል የሚደግፈው መሪ ያልተማረውን ዲግሪ ተማርኩ ሲል ተያዘ። እንድሪስ ሻይ ቤት ውስጥ ወር ሙሉ ጀሚልን መውጫ መግቢያ አሳጣው። "እንዲህ ያለውን ዋሾ እኔ በግ እንኳ አላስጠብቅም" ይላል። ጀሚልም "ወረቀቱ ምን ያደርግልሃል? ለሕዝቡ እየሠራ አይደለም እንዴ?" እያለ ይሟገታል።

ዓመት ሳይሞላ ተራው የእንድሪስ ሆነ። እሱ የሚደግፈው ሰውዬ ከከሚሴ ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የጉድጓድ ውኃ አስመረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ቧንቧ ተከፈተ፣ ውኃው ተንዠቀዠቀ። እንድሪስ ለሽንት ከአጥሩ ጀርባ ዞር ቢል ቱቦው ከአንድ የውኃ ቦቴ ጋር ተቀጥሏል። አየና ተመልሶ ከሰው ጋር አጨበጨበ።

ጀሚል የቦቴውን ወሬ ሰምቶ ሻይ ቤት አገኘው።

"ያ እንድሪስ፣ አንተ እዚያው ነበርክ። ዱጋ ነው ሶባ? እውነት ነው ውሸት? ንገረኝ።"

"ውኃው ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወላሂ" አለ እንድሪስ። "አንተን ያቃጠለህ ምቀኝነት ነው።"

ጀሚል ፊቱን ትንሽ አየውና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰንበቴን ትቶ የሰኞውን የባቲ ገበያ ያዘ።

ይኸው ሁለት ዓመት። አዲሱ ሸሪክ ዋጋ ቆርጦ ፋታ አይሰጥም፤ እንድሪስ እንከኑን የሚናገረው በግፊያ ነው። የናፈቀው ያቺን የጀሚልን ዝምታ ነው። ሰው እንዴት ዝምታ ይናፍቃል ትሉ ይሆናል፤ እሱን ግን ናፍቆታል። ሚስቱ ሙሚና "ባቲ እኮ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ሄደህ አውፍ በለኝ በለው" ስትለው፣ "ምን አጠፋሁ ብዬ?" ይላል። ያጠፋውን ግን አሳምሮ ያውቃል።

ታዲያ አንድ እሑድ የገዛ መንደሩ ሰው ዓይኗ የፈዘዘ ላም ይዞ መጣና በጆሮው፣ "ዓይኗን አታንሳብኝ። የአንተው ሰው አይደለሁም?" አለው። እንድሪስ በገነ። "የእኔ ሰው ስለሆንክ ልዋሽልህ?" ብሎ ጮኸ። ይህን ሲል የገዛ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ውኃ ላስመረቀው ሰውዬ ያደረገው ይህንኑ ነበራ። የላሚቱን ዓይን ተናገረ፤ ተናግሮ ግን አላበቃም።

"ያ ጀማዓ፣ ስሙኝ። ያ የተመረቀው ውኃ የቦቴ ነበር። አይቼ ነው የደበቅኩት። ጀሚል ሲጠይቀኝ ወላሂ ብዬ አታለልኩት።"

ገሚሱ ሳቀ። የእሱ ወገን የሆኑት ፊታቸውን አዞሩበት፤ አንዱማ ከሃዲ አለው። እንድሪስ ዓይኑን የጣለው ግን ሪድዋን ላይ ነበር። ሪድዋን እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ የሚውል ነጋዴ ነው፤ የሰማውን ሳያደርስ አይውልም።

በሳምንቱ ሪድዋን አንድ ዳለቻ በሬ እየጎተተ መጣና ገመዱን ለእንድሪስ አቀበለው።

"ጀሚል ነው የላከው። እንከኑን እንድሪስ ይናገር ብሏል።"

እንድሪስ ጥርሱን አየ፣ ሰኮናውን አነሣ፣ ወዲያ ወዲህ አስኬደው። ምንም የለውም።

"በሬውስ ደህና ነው" አለ ግራ ገብቶት።

"ደህና ነው። እንዲህ በለው ብሎኛል፦ ያ የእኛ ሰውዬ ዲግሪውን አለመማሩን ከአንተ ቀድሜ አውቅ ነበር።"

እንድሪስ በበሬው ሻኛ ላይ እጁን አሳረፈ። እንዲህ ያለ በሬ በየእሑዱ አይገኝምና ገዢዎች ከበቡት። "ስንት ነው? ስንት ትላለህ?" ይሉታል። እሱ ዓይኑን ከባቲ በኩል መኪና ከሚመጣበት መንገድ ላይ አላነሣም።

"ታገሱ" አለ። "ዋጋ የሚቆርጠው ሰው ገና አልደረሰም።"