ለዘይነባ ዋስ ያልሆንኩበት ቀን

ካርቱም ውስጥ ሁለት የንስሐ አባት ነበሩኝ። ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ ባሌን መሳደቤን ሳይቀር ለሁለቱም ተናግሬያለሁ። ይህችን አንዲት ነገር ግን ዋጥኳት። ባሌም ሳያውቃት ሞተ። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ፤ ፍቱኝ ግን አልላችሁም።

በእኛ አቆጣጠር ዘጠናዎቹ እንደገቡ ነው። ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር ካላክላ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ስኖር ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ በሠርግም በለቅሶም እጠራለሁ። በትልቁ ልጄ ስም «ኡም ዮናስ»፣ የዮናስ እናት፣ ይሉኛል። ይህን ስም እንዴት እወደው ነበር! ሐበሻ ሴት ብቻዋን በመንገድ ስታልፍ ምን እንደምትባል የሰማ ሰው ይገባዋል።

ከቤቴ ሁለት አጥር አልፎ ያለውን ሰፊ ግቢ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተከራየው። ልጅ ይዘው በሰው ቤት ለሚሠሩ ሐበሻ ሴቶች አንድ አንድ ክፍል ሊሰጥ፣ የኪራያቸውንም ግማሽ ሊከፍልላቸው ነው ተባለ። ሰፈሩ ታመሰ። ባል የሌላቸው ሴቶች ባንድ ግቢ? ወንድ ቢመላለስስ? አረቄ ቢያወጡስ? ፖሊስ ለፍተሻ ሲመጣ የማንን በር ሊያንኳኳ ነው? ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ለሴት ልጆቻቸው ሰግተው ነው፤ ስጋታቸው ደግሞ መልስ ነበረው። ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሰፈሩ ሰው አንድ «ዳሚን» ይቁምላቸው አሉ። እኛ ዋስ የምንለው ነው። ገንዘብም ወረቀትም አልፈለጉም። «አውቃቸዋለሁ» የሚል ሰው ነው የፈለጉት።

ሐጃ ነፊሳ ወደኔ መጡ። የሰፈሩ ትልቅ ሴት ናቸው፤ ያሉት አይታጠፍም። ግቢዬ ውስጥ የጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጡና፣

«ያ ኡም ዮናስ፣ አንቺ ልጃችን ነሽ። ሴቶቹ ደህና ናቸው ካልሽኝ ኸላስ፣ አበቃ፤ ወንዶቹን እኔ ዝም አሰኛቸዋለሁ። አንዷ ዘይነባ ትባላለች አሉ። ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

ዘይነባን? የወሎዋን ዘይነባ? ዴም ሰፈር ሳለሁ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እናትም እህትም አጠገቤ አልነበሩም። ያረሰችኝ እሷ ናት። አርካዊት ሰፈር ሰው ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆና፣ የዓርብ ዕረፍቷን ለእኔ ሰጥታ፣ እየመጣች ገንፎ አገንፍታ አብልታኛለች፤ ልጄን አጥባልኛለች። ካላክላ ከገባሁ ወዲህ ከተማ ነበር የምንገናኘው። ቤቴ እንድትመጣ አልጠራኋትም። ያም ይቆጠርብኝ።

ዘይነባ ያን ክፍል ለምን እንደፈለገችውም አውቃለሁ። አዳሪ ሠራተኛ ልጅ ይዛ አትገባም፤ የአምስት ዓመት ልጇ ሩቅያ ሰው ቤት ነበር የምታድረው። ክፍሉን ካገኘች ተመላላሽ ትሆናለች፤ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ልጇ ትመለሳለች። «ደግሞ ካንቺ ልጎራበት ነው!» ብላ ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

እኔስ ምን አልኩ? «ወላሂ አላውቃትም፣ ሐጃ። ለማላውቀው ሰው ዳሚን አልሆንም።»

ክርስቲያኗ እኔ፣ በወላሂ ማልኩ። ለምን? ነገ አንዷ ብታጠፋ «የኡም ዮናስ ሴቶች» እንዳይባል ነዋ። ፈራሁ ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እኔ የተማርኩ፣ ባለትዳር፣ እንዴት ከሰው ቤት ሠራተኛ ጋር እቆጠራለሁ? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ማንም አላስገደደኝም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በገዛ አፌ።

ሐጃ ቅር እያላቸው ተነሡ። ሳምንት ሳይሞላ ድርጅቱ ግቢውን ለቀቀ። ዘይነባ ሩቅያን አገር ለሚገባ ሰው አደራ ሰጥታ፣ ወሎ እናቷ ዘንድ ላከቻት። ዋስ የተጠየቅሁት እኔ መሆኔን ሳታውቅ «ጎረቤቶቹ እምቢ አሉን» ብላ ስትነግረኝ አይዞሽ አልኳት። አብሬያት አለቀስኩ። ያ እንባዬ ከመሐላዬ ይብሳል።

ከሰባት ዓመት በኋላ ባሌ ሞተ፤ የካላክላውም ቤት ተሸጠና ውጡ ተባልን። አሁን ባል የሌላት ሐበሻ እኔ ሆንኩ። ልጆቼን ይዤ ኦምዱርማን ክፍል ፍለጋ ስዞር፣ አንዲት አሮጊት በራቸውን ገርበብ አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ማን ያውቅሻል?» አሉኝ። ከኋላቸው ልብስ ስታሰጣ የነበረች ሴት እጇን እያደራረቀች መጣች። ዘይነባ ናት፤ ከተጠፋፋን ዓመታት አልፈው ነበር።

«ያ ሐጃ፣ ይህችን እኔ አውቃታለሁ። ወላሂ ደህና ሰው ናት። ዳሚኗ እኔ ነኝ» አለች።

ክፍሉን አገኘሁ። ዛሬም እዚያው ነኝ፤ ከዘይነባ ጋር ባንድ ግቢ። ልጆቼ አጠገቤ ናቸው። ሩቅያ ወሎ አድጋለች፤ አያቷን ነው «እማዬ» የምትለው። ስትደውል እናቷን «ዘይነባ» ብላ በስሟ ነው የምትጠራት። ዘይነባ ስልኩን ዘግታ ለእኔ ትስቅልኛለች።

ልነግራት ስንቴ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ብነግራት አልቅሳ ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። ያን ቀን ለሐጃ ነፊሳ ማለት የነበረብኝም ይህንኑ ነበር፤ አውቃታለሁ።