መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ፣ ቤታችን ውስጥ የሰው ስም በክፉ ሲነሳ «መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ» የሚል የለም። አባባሉን የተማሩት ከሀፍረት ነው።

እንጦጦ ግርጌ ባለ የኦክስጅን ፋብሪካ መሐንዲስ ነበሩ። አንድ ክረምት ጋዝ መሙያው ጋ ያለው ቆጣሪ ከማምረቻው ቆጣሪ ያነሰ ማንበብ ጀመረ። አጎቴ የመሙያውን ሠራተኛ ሌባ ብለው አስባረሩት። ኋላ፣ ጥቅምት ላይ ሲያጣሩ ግን ምንም አልጎደለም፤ ከማምረቻው ሞቆ የወጣው ጋዝ በቧንቧው ሲያልፍ በብርዱ ተኮማትሮ ነው። ንባቡን በሙቀቱና በግፊቱ ማስተካከል የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ።

ሠራተኛውን ወደ ሥራው አስመለሱትና እኔን አስከትለው ወሰን ሰፈር፣ ቤቱ ድረስ ሄዱ። ይቅርታም ጠየቁት።

«እኔስ ይቅር ብያለሁ፣ ጋሼ። ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ የተባለችው ግን እሷ ናት» ብሎ ልጁን ጠራት።

አጎቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አባትሽ አልሰረቀም፣ ልጄ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ክፍል ውስጥም ይነግሩልኛል?» አለች ልጅቷ።

በማግስቱ አጎቴ በተማሪዎቹ ፊት ቆመው ያንኑ ደገሙት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ስለ እሳቸው አፍሬ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።